ግድግዳ የማይበሳ ጥይት

የእትዬ ደብሪቱን ሞት የሰማሁት ዓለም ከተማ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ የፈተና ወረቀት ሳርም ነው። ሞላሌ አብሮኝ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ ደወለ። ስለ ዝውውርና ስለ መንገዱ ብልሽት ብዙ ካወራኝ በኋላ፣ «ኧረ ለካ አልነገርኩህም! አከራይህ እኮ አረፉ። ባለፈው እሑድ ቀበርናቸው» አለኝ። ነፍስ ይማር ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው «አይ እኚህ ሴትዮ!» የሚል ነበር። ጓደኛዬ ደነገጠ፤ እኔም ደነገጥኩ። ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ስለው የኖርኩት ቃል ስለሆነ አፌ ለምዶታል። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ይፈርድልኛል።

እትዬ ደብሪቱ ይኖሩ የነበረው ሞላሌ ዳር፣ ቤቱ አልቆ የገብስ ማሳው ከሚጀምርበት ግቢ ውስጥ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንዲቱ ልጃቸው የሺ ደብረ ብርሃን አግብታ ትኖራለች። እሳቸው አሥራ አንድ በግ ያረባሉ፣ ጠጉር ይፈትላሉ፣ ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ አሠርተው ገበያ ያወጣሉ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የኪራይ። እኔ ከመርሐቤቴ የመጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝና የመንዝ ብርድ በመጀመሪያው ሳምንት አጥንቴ ውስጥ ገባ። አልጋዬን መስኮት ሥር ዘርግቼ አዩኝና «እዚህ ተኝተህ እስከ ጥር አትደርስም» ብለው፣ አንዱን ጫፍ ራሳቸው ይዘው ከመሐል ግድግዳው ጋር አስጠጉት። የሳቸው ምድጃ ከግድግዳው ወዲያ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ እኔ ይመጣል አሉ። እውነትም መጣ። ከሙቀቱ ጋር ግን እሳቸውም መጡ።

ግድግዳው እንጨት ተማግሮ ጭቃ የተመረገ ነው፤ ድምፅ አያግድም።

«መምህር! ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ተኩል ነው፣ እትዬ።»

«በማን ሰዓት?»

«በእኔ ነዋ።»

«ያንተ ይቀድማል። ደወሉ ገና አልተደወለም።»

ታዲያ ለምን ይጠይቁኛል? እንዲህ ነበሩ። የመጀመሪያውን መልስ ተቀብለው አያውቁም። ነገር ሲነግሯቸው አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው እርጥብ አድርገው ከአመልካች ጣታቸው ጋር ያፋትጋሉ፤ የፈታይ ልማድ ነው፤ ከዚያ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። አንድ ጊዜ ቦት ጫማ ልግዛ ብለው ገበያ ይዘውኝ ወጡ። ሻጩን ውሃ አስመጥተው በእያንዳንዱ ጫማ ውስጥ አፈሰሱና ያፈስ አያፈስ እንደሆነ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ግማሽ ሰዓት ቆሙ። አላፈሰሰም። «ዛሬ አላፈሰሰም» ብለው ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄዱ። ሦስተኛው ባለ ሱቅ ከሩቅ ሲያየን በሩን ዘጋ። እኔ በዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ወደ ነገሩ ልግባ። ሁለተኛው ዓመቴ ሊያልቅ ሲል፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ከቀትር በኋላ ጉም ወረደ። የመንዝን ጉም ያላየ ሰው አይገባውም፤ በሩን ሲከፍቱት ነጭ ግድግዳ ነው። በጎቹ ታጉረው ጉሮኖ ውስጥ ነበሩ። እኔ ክፍሌ ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ፈተና አርማለሁ። በመጀመሪያ የበግ ግርግር ሰማሁ፤ ቀጥሎ የእትዬ ደብሪቱን ድምፅ። «ሌባ! ሌባ! ኧረ የሰው ያለህ!» ከዚያ የሚወድቅ ነገር ድምፅ። ከዚያ «መምህር!» አሉ። አንድ ጊዜም አይደለም፤ ሦስት ጊዜ።

አልወጣሁም። ቀይ እስክሪብቶዬን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ አልጋዬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ በሩን እያየሁ ቀረሁ። ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ ስወጣ እትዬ ደብሪቱ ጉሮኖው በር ላይ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አራት በግ ተወስዷል። አንደኛው ሌባ ሲገፈትራቸው ግራ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰብሯል።

«ተኝቼ ነበር» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «እንቅልፍ ደግ ነው» አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። «እሰርልኝ።»

ክረምቱን አገሬ ሄጄ መስከረም ላይ ስመለስ አጥንቱ ገጥሟል፤ ግራ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ «መሣሪያ ልገዛ ነው» አሉኝ። «ለቤቴ። ግን ምን ዓይነት እንደሚሆን አልቆረጥኩም።»

አልቆረጥኩም! ይህቺን ቃል ስሰማ ነው ወገቤ የተቆረጠ። ቦት ጫማ ለመግዛት አንድ ቅዳሜ ሙሉ የፈጀ ሰው መሣሪያ ለመምረጥ ስንት ወር ይፈጃል ብዬ አሰብኩ። ሦስት ወር ፈጀ።

በመጀመሪያ የመጣው የባላቸው ታናሽ ወንድም ጋሽ ተክሌ ነው። ማዶ ይኖራል፤ ክላሽ አለው፤ ክላሹንም ከሚስቱ አስበልጦ ይወልውላል ይባላል። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ የእትዬ ደብሪቱን ቤት እንደ ራሱ ግዴታ የሚያይ፣ ድምፁ ከፍ ያለ፣ ደግ ሰው ነው። «ምን ማሰብ ያስፈልጋል? ክላሽ ነዋ!» አለ። «ማዶ ካለው ጉብታ ሰው ይጥላል።»

«ማዶ ካለው ጉብታ ማን አለ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ምሳሌ ነው!»

«ጥይቱ የት ይቆማል?»

«እንዴት የት ይቆማል? ሩቅ ይሄዳል እኮ ነው የምልሽ።»

«ሁላችሁም የት እንደሚደርስ ትነግሩኛላችሁ። እኔ የጠየቅሁህ የት እንደሚቆም ነው።»

ጋሽ ተክሌ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን አደርግለታለሁ? በማግስቱ ጥያቄው ወደ እኔ መጣ፤ የፊዚክስ መምህር ነኛ። ማለዳ ፊቴን ሳልታጠብ በግድግዳው በኩል፣ «መምህር! ጥይት ግድግዳ ይበሳል?» ይሉኛል። እንደ ጥይቱ ነው እላለሁ። «እንደ ግድግዳውስ?» እንደ ግድግዳውም ነው። «እንዲህ እንዲህ እያልክ ነው ልጆቹን የምታስተምረው?» ስለ ፍጥነትና ስለ ክብደት ስነግራቸው በጥሞና ያዳምጡና መጨረሻ ላይ፣ «ይህ ሁሉ ደህና ነው፤ የኛን ግድግዳ ይበሳል ወይ?» ይላሉ። አላውቅም እላለሁ። «አላውቅም ማለት አንድ ነገር ነው» ይሉና ፍተላቸውን ይቀጥላሉ።

የፈቃዱን ማመልከቻ የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። መሣሪያው ለምን እንዳስፈለገ ይገለጽ የሚል አለበት። «ምን ልበል?» አልኳቸው።

«ሰው ስጠራ ሰው ስላልመጣ በል።»

ፊቴን ከወረቀቱ ሳላነሣ «ራሴንና ንብረቴን ለመጠበቅ» ብዬ ጻፍኩ። መሠረተ ትምህርት ተምረዋልና ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡት። «እኔ ያልኩህ ይህ አይደለም» አሉ። ጠበቅሁ። እስክሪብቶዬን ተቀብለው ፈረሙ። ያን ቀን ማታ ራት አልበላሁም።

ከዚያ መሞከር መጣ። መሣሪያ ያለው ሰው ሁሉ ቤት ሄድን። እትዬ ደብሪቱ የሚሞክሩበት ዘዴ የራሳቸው ነው። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ካስፈተሹ በኋላ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አስደግፈው፣ አፈሙዙን በተጎዳው እጃቸው ይዘው፣ አቡነ ዘበሰማያትን ይደግማሉ። «አሜን» ላይ ሳይደርሱ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ያ መሣሪያ አይሆንም። የአንዱ ጎረቤት ምንሽር «ሲሳየነ» ላይ ጣላቸው። የጋሽ ተክሌ ክላሽ «ኅድግ ለነ» ላይ። ባለቤቶቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመው የጸሎቱን ማለቅ ይጠብቃሉ፤ እኔ ቀና ብዬ ሰማይ አያለሁ።

«ሌባ ጸሎትሽን እስክትጨርሺ ይቆምልሻል?» አለ ጋሽ ተክሌ።

«እሱ ባይቆምም እኔ መቆም አለብኝ» አሉት። «ማን እንደሆነ እስካውቅ ድረስ ይዤው መቆም አለብኝ።»

በጥቅምት አንድ ሰው ራቤል ውስጥ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ያለው ሽማግሌ እንዳለ ነገራቸው። ሰውየው ዐይናቸው ደክሟል፤ በፈቃድ የያዙት ነውና በሕጉ መሠረት ስም አዛውረው መልቀቅ ይፈልጋሉ። ሄድን። የራቤል አገር ግሼ በብርዱ ከመንዝም ይብሳል፤ አውቶቡሱ ውስጥ እግሬ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ። ሽማግሌው በር ላይ ተቀብለውን ጠመንጃውን በጨርቅ እንደተጠቀለለ አመጡት። መሐሉ ላይ ተሰብሮ የሚከፈት፣ አጭር፣ አሮጌ፣ ግን ዘይት ተቀብቶ የኖረ ነው።

«ይህ የቆቅ መሣሪያ ነው፣ እመቤት» አሉ ሽማግሌው። «ለሰው የሚሆን አይደለም።»

«ጥይቱ የት ይቆማል?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

ሽማግሌው እንደ ሌሎቹ ወንዶች አልሳቁም። ገብተው ሦስት ዓይነት ጥይት ይዘው ወጡና መደቡ ላይ ደረደሩት። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ባለ ወፍራም ቀፎ። «ይህ ውስጡ አንድ ወጥ ድብልብል እርሳስ ነው፤ ለከርከሮ። ይህ ዘጠኝ ፍሬ አለው፤ ፍሬው ሽምብራ ያህላል። ይህኛው ብዙ ነው፤ ምስር ያህላል፤ ለቆቅ ነው። የመጀመሪያው ብዙ ነገር በስቶ ያልፋል። ሁለተኛው እንደ ነገሩ ነው። ምስሩ ወፍራም ነገር አያልፍም። ግን እንዳትንቂው፤ ከቅርብ ከሆነ ሁሉም ይገድላል።»

እትዬ ደብሪቱ አውራ ጣታቸውን አረጠቡ። ጠመንጃውን አንሥተው ጸሎታቸውን ጀመሩ። «ወኢታብአነ» ላይ ተንቀጠቀጡ። «ሰደፉ ረዝሞ ነው» አሉ፤ «እጄ አጭር ነው። አናጢ ይቆርጠዋል።» ሽማግሌው ጠመንጃቸው ሊቆረጥ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ልክ ልጃቸውን ሊገርዙባቸው እንደሆነ ሁሉ ተኮማተረ፤ ግን እሺ አሉ። በዚህ አለቀ ብዬ ነበር። ተመስገን ብዬ ነበር። ገና አልገባኝም ነበር።

ኅዳር ላይ ስሙ ዞሮ ፈቃዱ ወጣ፤ ሰደፉም ተቆረጠ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ከግቢው ጀርባ፣ ገብሱ በታጨደበት ማሳ ላይ፣ ጋሽ ተክሌና ሁለት ሰዎች ጭቃ ያቦካሉ። አጠገባቸው እንጨት ተማግሮ ቆሟል።

«ምን ሊሠራ ነው?» አልኩት።

«ግድግዳ» አለኝ ጋሽ ተክሌ፤ ላቡን ጠረገ። «ባንተና በሷ መሐል ያለው ግድግዳ። በልኩ። በክንድ ለክታ ሰጠችን። እኔ እንጃ፣ መምህር፤ እኔ ሥራ ፈት ነኝ ብላ ነው?»

ጭቃው እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ተጠበቀ። በሁለተኛው ቅዳሜ የቀበሌው ሚሊሻ ኃላፊ ባለበት፣ ግማሽ ሰፈር ተሰብስቦ፣ ሙከራው ሊጀመር ሆነ። እትዬ ደብሪቱ ወደ እኔ መጡ። «አንሶላህን አምጣ።»

«የምን አንሶላ?»

«አልጋህ ላይ ያለውን። ከግድግዳው ወዲያ ይሰቀል።»

«የሌላ ሰው ጨርቅ የለም?»

«ያንተን ነው የምፈልገው፤ አምጣ።»

ሰው ሁሉ እየሳቀ የገዛ አንሶላዬን አምጥቼ ሰቀልኩ። በመጀመሪያ ጋሽ ተክሌ በክላሹ ተኮሰ። ግድግዳውንም አንሶላዬንም አልፎ ኋላ ያለውን አፈር አቦነነው። «አየሽ!» አለ በኩራት። «አየሁ» አሉ እትዬ ደብሪቱ፤ ጣታቸውን በአንሶላው ቀዳዳ ከትተው አወጡ። ከዚያ ራሳቸው በአደኑ ጠመንጃ፣ ከምድጃቸው እስከ ግድግዳው ካለው ርቀት ቆመው ተኮሱ። የከርከሮው ጥይት የእጅ ጭብጥ የሚያህል ቀዳዳ ከፍቶ አለፈ። ከሽምብራው ሦስት ፍሬ አለፈ። ምስሩ ጭቃውን ቦረቦረና ውስጡ ቀረ። አንሶላውን አገላብጠው አዩ፤ ድጋሚ ተኮሱ፤ ድጋሚ አዩ። አዲስ ቀዳዳ የለም።

«ይኼ ነው» አሉ። «ምስሩን ነው የምይዘው።»

ጋሽ ተክሌ ራሱን ያዘ። «ሌባ በምስር ይሞታል?»

«መቼ ይሙት አልኩ? ከግቢዬ ይውጣ ነው ያልኩት።»

ሰው ከተበተነ በኋላ የተበሳሳ አንሶላዬን ሳጥፍ ንዴቴ ወጣ። ሦስት ወር መላወሳችንን፣ ራቤል መሄዳችንን፣ በሰው ፊት መሳቂያ መሆናችንን ዘረዘርኩላቸው። ለመሆኑ ይህ ሁሉ የግድግዳ ጣጣ ለምንድነው አልኳቸው።

«አንተ ስትፈራ አልጋህ ላይ ትቀመጣለህ» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ስንት ሰዓት ነው ብለው ሲጠይቁኝ እንደሚሆነው ነው። «አልጋህ ደግሞ ግድግዳው ጋ ነው። እዚያ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።»

አንሶላውን አጥፌ ብብቴ ሥር አደረግሁት።

«ስለዚህ ስማኝ። ሌባ ሲመጣ በግድግዳው እነግርሃለሁ። ወለሉ ላይ ትተኛለህ። እንዳትወጣ። በጉም ውስጥ እኔ የማየው ጥላ ብቻ ነው። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አልኩህ?»

«እንዳትወጣ።»

ሰኔ ተመልሶ መጣ፤ ጉሙም መጣ። እኔ እንደ ወትሮው ፈተና ሳርም ግድግዳው ተመታ። «መምህር! መሬት ላይ!» ወለሉ ላይ ወደቅሁ። የሳቸው በር ሲከፈት ሰማሁ። «መሣሪያ ይዣለሁ!» ብለው ጮኹ። «በጎቹን ልቀቁና ውጡ!» በጎቹ ይራወጣሉ፤ የሰው ኮቴ የግቢው የድንጋይ ካብ አጠገብ ይሰማል። እኔ ጉንጬን ቀዝቃዛው ወለል ላይ አድርጌ ተኝቻለሁ። ያን ጊዜ የአምናው እኔ፣ እስክሪብቶ ጨብጦ የተቀመጠው፣ ትዝ አለኝ። አንዲት እጇ የተጎዳ አሮጊት ብቻዋን ደጅ ቆማ እኔ እንደ ሕፃን ወለል ላይ! ብድግ አልኩ። እጄ ያገኘው የሰሌዳ ማስመሪያዬን ነው፤ ረጅሙን የእንጨቱን። እሱን ይዤ በሩን ከፍቼ ወደ ጉሙ ገባሁ።

አምስት ስድስት ርምጃ እንደሄድኩ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ጉሮኖው በየት በኩል ነው? ቤቱስ? ዘወር ስል ሁለቱን አፈሙዝ አየኋቸው። ስምንት ርምጃ ቢሆን ነው። ከኋላቸው እትዬ ደብሪቱ እንደ ጥላ ቆመዋል።

«ማነህ?» አሉ።

ማስመሪያው እጄ ላይ ከፍ ብሏል።

«ማነህ? ተናገር!»

ልናገር አልቻልኩም። የሳቸውን ትንፋሽ እሰማለሁ። አፈሙዙ አልተንቀጠቀጠም። በግራዬ በኩል ድንጋይ ተንዶ ሰዎች ካቡን ሲዘሉ፣ በግም ሲጮህ ሰማሁ፤ እሳቸውም ሰምተዋል። ዞር ብለው ወደዚያ መተኮስ ይችሉ ነበር፤ ወደ እኔም መተኮስ ይችሉ ነበር። ይዘው ቆሙ።

«መምህር ነህ?» አሉ፤ ቀስ ብለው።

«አዎ» ያልኩ ይመስለኛል።

ጠመንጃውን ዝቅ አድርገው ከፈቱት፤ ሁለቱን ጥይት አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በራቸው ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ አሁን ሁለቱም እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«አሁን ነው የምትወጣው?» አሉኝ። «አሁን? ያን ለት ስጠራህ አልወጣህ፤ ዛሬ ተኛ ስልህ ወጣህ! ምን ይዘህ ነው ደግሞ?»

«ማስመሪያ።»

«ማስመሪያ!» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ይሥቁ ያልቅሱ አላውቅም። «አንተን እንዴት አድርጌ ነው የምይዝህ? ንገረኛ! እንዴት አድርጌ?»

ሁለት በግ ሄዷል። ጋሽ ተክሌ ክላሹን ይዞ እየሮጠ ሲደርስ፣ ከኋላው ጎረቤቱ ተከትሎ ግቢው ሞላ። እኔ ማስመሪያውን በሩ ጀርባ ጥዬዋለሁ።

«ተኮስሽ?» አለ ጋሽ ተክሌ። «ድምፅ አልሰማሁም!»

«አልተኮስኩም።»

«ለምን? ከዚያ ሁሉ በኋላ? ለምን?»

እትዬ ደብሪቱ አንድ ጊዜ አዩኝ። አውራ ጣታቸውን አረጠቡ፤ ከአመልካች ጣታቸው ጋር አፋተጉ።

«ፈራሁ» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ እሳቸውን ነበር የሚያየው፤ መልሼ ዘጋሁት።

ማታ በግድግዳው በኩል «ለምን እንዲያ አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ልበል? መምህሩ ማስመሪያ ይዞ መጣብኝ ልበል? ነገ ተማሪዎች ፊት ትቆም የለ? እኔ አሮጊት ነኝ፤ ብፈራ ማን ይገረማል? በል ተኛ። እንደገና እንዳታነሣብኝ።»

ሁለት ሦስት ጊዜ ለማንሣት ሞክሬ ነበር፤ «አልኩህ እኮ!» ብለው ቆረጡኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሲቆርጡኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጋሽ ተክሌ ግን ነገሩን ቀልድ አደረገው። በሰንበቴ፣ በሠርግ፣ በደቦ፣ «ደብሪቱ ግድግዳ አሠርታ፣ አንሶላ ሰቅላ፣ ጥይት በምስር ለክታ፣ ሌባው ሲመጣ ቃታው የት እንዳለ ጠፋት!» ይላል። ሰው በሣቅ ይፈርሳል። በክፋት አይደለም፤ የሚወዳቸውም እሱ ነው። እሳቸው እንዝርታቸውን እያሾሩ ይሰማሉ፤ አንዳንዴም አብረው ፈገግ ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳህኔን አያለሁ። ሌባ ከዚያ ወዲያ ግቢያቸው አልገባም፤ ይህን ግን የሚያነሣ አልነበረም። አንድ ዓመት እንዲህ ኖሬ ዝውውሬ ወጣና ወደ አገሬ ተመለስኩ።

ለአርባቸው ሞላሌ ሄድኩ፤ ሁለት ቀን የፈጀ መንገድ ነው። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል። ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ሰው ሲመገብና ጠላው ሲዞር፣ እንደ ደንቡ ስለ ሟቿ ወሬ ተነሣ። ደግነታቸው ተወራ፤ የቦት ጫማው ነገር ተወራ። ከዚያ ጋሽ ተክሌ፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ዐይኑ በልቅሶ አብጦ፣ «የመሣሪያዋንስ ነገር!» አለ። ሰው ገና ሳይጀምር መሣቅ ጀመረ።

«አልፈሩም ነበር» አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ከፍ አለ። ተነሥቼ ቆሜ ነበር። ቀጠልኩ፤ ከመጀመሪያው ጉም ጀምሬ፣ ሦስት ጊዜ እንደጠሩኝ፣ ተኝቼ ነበር እንዳልኳቸው፣ ማስመሪያ ይዤ ፊታቸው ላይ እንደቆምኩ፣ ስሜን ሲጠይቁኝ እንዳልመለስኩ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ስጨርስ ልጃቸው የሺ የእንጀራ መሶብ እንደያዘች በር ላይ ቆማለች።

«ጉሙ ውስጥ የነበርከው አንተ ነህ?» አለ ጋሽ ተክሌ።

«እኔ ነኝ።»

«ከዚያ በኋላ እኔ ስቀልድባት አጠገቧ ተቀምጠህ ትሰማ ነበር።»

«እሰማ ነበር።»

«እሷም ትሰማ ነበር» አለ፤ ለራሱ ይመስል። ከዚያ ጮኸብኝ። «አንተ ሰውዬ! ታዲያ በሕይወት ሳለች ምን አፍህን ዘጋው? ዛሬ ለማን ነው የምትነግረኝ? አሁን እኔ ማንን ይቅርታ ልበል?»

ዋንጫውን አስቀምጦ ተነሣ፤ ነጠላውን አደግድጎ ከዳሱ ወጣ። በካቡ በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወደ መቃብራቸው ሲሄድ በበሩ አየሁት። ልከተለው ስነሣ የሺ መሶቡን አስቀምጣ መጣች፤ ትከሻዬን ይዛ ወደ መቀመጫዬ መለሰችኝ። ዐይኗ በእንባ ሞልቷል፤ ፊቷ ግን የተናደደ ሰው ፊት ነው።

«ተወው» አለችኝ። «እሱ ይቅደም። አንተ እሱ ሲመለስ ትሄዳለህ።»